የእሑድ ቅጂ

ባቡሩ ከወንዙ በላይ ተንጠልጥሎ፣
ያልፋል በቩፐርታል ጭጋጉን ከፍሎ።
እኛ ከሥር ነበርን፤ ሦስት ፎቅ ወደ ታች፤
አንዲት ቀይ መብራት በርታ አልጠፋም አለች።
ማክሰኞ ሌሊት ነው፣ ለረቡዕ አጥቢያ፣
ኮንሶሉን ሞላው የስሕተት ማስጠንቀቂያ።
የዲስኩ ቁም ሣጥን፣ ቁመቱ እኔን የሚያህል፣
ጉንፋን እንደ ያዘው ሰው ኡህ ሲል፣ ኡህ ሲል፣
ጸጥ አለ።

ሃያ ሁለት ቮልዩም። የጥብጣብ ሸማኔዎች፣
የባሎች፣ የሚስቶች፣ የሙት ልጆች፣
የጡረታ መዝገብ፤ አርባ ሺህ ስም።
አንዱም አይነበብም።

ሮስቪታ ክላፕዶር ካፖርቷን አላወለቀችም፣
«ማን ነው ያበላሸው?» ብላም አልጠየቀችም።
ግድግዳው ላይ ካለው ስልክ ደወለችና፣
«ኡልፍ፣ የእሑዱን ጫን፤ ቶሎ ይዘህ ና።»

የቴፖቹ ጎተራ ሬምሻይድ ነው፤ ጥንት
ቢራ የሚቀመጥበት ቀዝቃዛ ምድር ቤት።
ዘር እንደሚለይ ገበሬ፣ ከሚበላው ነጥለው፣
እሳት ቢነሣ ይትረፍ ብለው ያኖሩት ነው።
በእኩለ ሌሊት ደረሰ፤ በፒጃማው ላይ ጃኬት፣
ሦስት ሣጥን ካርትሪጅ፣ በጥርሱ የፊርማ ወረቀት።

የዲስክ የክርስትና ስም ስድስት ፊደል ነው፤
ሮስቪታ ጮክ ብላ እየቆጠረች አነበበችው፣
ከወረቀቱ አንዴ፣ ከካርትሪጁ አንዴ፣
ከማሽኑ አንዴ።
«ስሙን የሳተ» አለች፣ «ደህናውን ይቀብራል፤
ሙሉ ቅጂ ሲጻፍ ምኑን ይመርጣል?
ከትራክ ዜሮ እስከ ዳር ይሄዳል እንደ ጎርፍ፤
ደህና ነገር ቢያገኝም አያውቅም ማለፍ።»

ኮንሶሉም ጠየቀ፣ ፊደሉ አረንጓዴ፦
ይህ ዲስክ ላይ ልጻፍ? ያለው ይጥፋ እንዴ?
መልስ እስኪሰጠው ድረስ ንቅንቅ አይልም።
መልሱ አንድ ፊደል ነው። እኔ ግን አልደፈርኩም።
«አንተ ጻፍ» አለችኝ፣ «በጥር ጡረታ እወጣለሁ፤
ጣትህ ይልመደው፤ እኔ አጠገብህ አለሁ።»
ጻፍኩት።
ሃያ ሁለት ጊዜ ጻፍኩት።

ከቴፕ ወደ ዲስክ ቀኑ እየፈሰሰ፣
ለንጋት አሥር ላይ እሑድ ተመለሰ።
(አንዱ ቴፕ ብቻ፣ ጫፉ ተጨማዶ፣
ቀረ ዘጠና ስም ወስዶ።
እነሱን ከወረቀት፣ እስከ ዓርብ ማታ፣
እኔና እሷ መለስናቸው፣ በእጅ፣ በተርታ።)

ውጭ ረቡዕ ነው፣ የሚወርደው ዝናብ፤
ውስጥ ግን እሑድ ነው፤ የሰኞ ሒሳብ፣
የማክሰኞ ደብዳቤ፣ ገና አልተጻፈም፤
ማክሰኞ የሞተው ሰው ገና አልሞተም።

አውቀዋለሁ ስሙን። ትናንት ከሰዓት
ሞቱን በዚህ ጣት ነው የመዘገብኩት።
ፈለግኩት። ወጣ። ኦትማር ክቫቤክ፤ የቬልቬት
ጥብጣብ ሸማኔ፤ ዕድሜ ሰማንያ አንድ ዓመት፤
ሁኔታ፦ በሕይወት።

የሁለቱን ቀን ሥራ የያዘው ቴፕ ገና
ጠረጴዛው ላይ ነው። «ሮስቪታ» አልኩና፣
«ትንሽ ብናቆየውሳ?»
አፈርኩ ወዲያው።

አልሳቀችም። የቀዘቀዘ ሻይዋን ጠጣች።
«ሚስቱን አየሃት?» አለች።
«እሱ እዚህ እስካለ ለሷ የሚቆረጥ የለም፤
የመበለት ድርሻ ባል ሳይሞት አይከፈልም።
የቤት ኪራይ ሲመጣ በወሩ መጨረሻ፣
ያንተ ኀዘኔታ አይሆናትም ጉርሻ።»

ቴፑን ጫንኩት።
ሰኞ መጣ፤ አንዱ አገባ፣ አንዷ አድራሻ ቀየረች፤
ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሕፃን ተወለደ፣ ሁለተኛ ጊዜ።
አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ፣ ያለ ሐኪም፣ ያለ ቄስ፣
ኦትማር ክቫቤክ እንደገና ሞተ፤
አንድ አረንጓዴ መስመር፣ ከሥሩም ሌላ መስመር።
ሮስቪታ ሰዓቱን በእርሳስ ጻፈች።

ወጣሁ። ዝናቡ አባርቷል።
ትኬት ቆረጥኩ፤ ማሽኑ «ረቡዕ» ብሎ ማኅተም መታ፤
አላመንኩትም፣ ገልብጬ አየሁት።
ባቡሩ ከወንዙ በላይ ሲወዛወዝ
ከፊቴ አንዲት ሴት ዳቦ ታቅፋ ተቀምጣለች፤
ባሏ የሞተባት ትመስላለች፤
ደግሞ አትመስልም።